ስጦታው ላይ ያለው ፈረስ እንዳይጋልብ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የእናቴ ወንድም ስቶክሆልም ከ30 ዓመት በላይ ኖረው ባለፈው ዓመት ጠቅልለው ገብተዋል። አሁን አምስት ኪሎ እኛ ቤት ነው ያሉት። ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍላቸውን ዘግተው ስልካቸው ላይ ፈረስ ጋሪ እየጎተተ የሚሽቀዳደምበትን ውድድር ያያሉ። ‹ትራቭ› ነው የሚሉት። በሚቀጥለው ወር 70 ዓመት ይሞላቸዋል። ቤተሰቡ አዋጥቶ 20 ሺህ ብር ይዘናል። ፒያሳ አንድ የሚያምር የፈረስ ሥዕል አይቼ ልገዛው ነበር። ወንድሜ ግን ‹መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ጠይቂ› ብሎ አስቆመኝ። ምን ብንገዛላቸው ይሻላል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ እንኳንም ሳትገዢው ጠየቅሽ። ሥዕሉ አሁንም ልብሽን ከሳበው ብሩን ከመክፈልሽ በፊት ተመልሰሽ የፈረሱን እግር እይልኝ። ጋማው ተበትኖ፣ እግሮቹ ተዘርግተው ሽምጥ የሚጋልብ ከሆነ እዚያው ይቅር። ሥዕሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። አጎትሽ በሚወዱት ውድድር ፈረስ ጋለበ ማለት ነገር ተበላሸ ማለት ስለሆነ ነው።

ይህን ትንሽ ላብራራልሽ፤ የስጦታው ጉዳይ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

አባቶቻችን ለፈረስ አካሄድ ለየብቻ ስም አላቸው። ፈጠን ፈጠን ሲል ሶምሶማ ነው። ከዚያ ደንገላሳ አለ። መጨረሻው ሽምጥ ግልቢያ ነው። ትራቭ የሶምሶማ ውድድር ነው። ፈረሱ ባለ ሁለት ጎማ ቀላል ጋሪ ይጎትታል፤ ሱልኪ ይባላል። ነጂው እዚያ ላይ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ይቀመጣል። ፈረሱ የቻለውን ያህል ይፍጠን፣ ከሶምሶማ ግን መውጣት አይችልም። ሙቀቱ አሸንፎት ግልቢያ ከጀመረ ነጂው ወዲያው ዛቡን ስቦ ሊመልሰው ይገባል። ካልመለሰው፣ ወይም እየጋለበ መስመሩን ካለፈ፣ አንደኛ ቢገባም ይሰረዛል።

አጎትሽ በሩን ዘግተው «ውይ!» ሲሉ ሰምተሽ ታውቂ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ይህ ነው የሚሆነው። ሲመራ የቆየ ፈረስ መጨረሻዋ ላይ እግሩን ያበላሻል፣ ሌሎቹ አልፈውት ይሄዳሉ።

እኔ ስዊድን ውስጥ በትራቭ ፈረሶች ጋጣ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ጠዋት አጃ ማቅረብ፣ ጋጣ መጥረግ፣ ከውድድር በኋላ እግራቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ነበር ሥራዬ። አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ልጓምና ዛብ እሰፋለሁ። በሦስተኛው ዓመቴ ለእረፍት አዲስ አበባ መጥቼ ስመለስ ለአሠሪዬ ስጦታ ይዤ ሄድኩ። ቆዳ ላይ የተቀረጸ የሚጋልብ ፈረስ ነበር። ብዙ ገንዘብ አውጥቼበት ነበር። ሰውየው ከልቡ አመሰገነኝ፤ ግን ቢሮው ውስጥ አልሰቀለውም። የአጃው ከረጢት ከሚቀመጥበት ክፍል በር ጀርባ ነው የሰቀለው። ለምን እንደሆነ አንድ ሽማግሌ የጋጣ ሠራተኛ ነገረኝ። እዚህ ቤት የሚጋልብ ፈረስ የምናየው ስንሸነፍ ነው አለኝ። እስከ ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር ይቆጨኛል። አንቺም እንደዚያ እንዳይሆንብሽ ነው።

ታዲያ ትክክለኛውን ሥዕል ወይም ፎቶ በምን ትለያለሽ? ሶምሶማ ላይ እግሮቹ የሚነሱት በሰያፍ ነው። የግራ የፊት እግርና የቀኝ የኋላ እግር አብረው ይነሳሉ። ቀጥሎ የቀኝ የፊትና የግራ የኋላ። ጥሩ ፎቶ ላይ አራቱም እግሮች ለአፍታ ከመሬት ተነስተው ታያቸዋለሽ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በአሜሪካ በብዛት የሚወዳደሩት ፈረሶች በጎን በኩል ነው የሚራመዱት፤ ግራ ከግራ፣ ቀኝ ከቀኝ ጋር። ሰጋር በቅሎ የተቀመጠ ሰው የሚያውቀውን አካሄድ ይቀራረባል። እነዚያ ፈረሶች የፊቱን እግር ከዚያው ጎን የኋላ እግር ጋር የሚያገናኝ ማሰሪያ ያደርጋሉ። የስዊድን ሰው የሚወደው ግን የሰያፉን ነው። ስለዚህ ከኢንተርኔት ፎቶ አውርደሽ ልታሳትሚ ከሆነ፣ ያን የእግር ማሰሪያ ካየሽበት ሌላ ፈልጊ።

አሁን ወደ ስጦታው ልግባ። ግን ከመግዛትሽ በፊት አንድ ሥራ አለብሽ። የሚመጣው እሑድ ቡና አፍልተሽ ከጎናቸው ተቀመጪና ጠይቂያቸው። «አጎቴ፣ ሶልቫላ ሄደው ያውቃሉ? ካዩዋቸው ፈረሶች ሁሉ የሚበልጥብዎት ማን ነው?» በያቸው። ሶልቫላ የስቶክሆልም የትራቭ ሜዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ነው የተከፈተው። ስቶክሆልም 30 ዓመት የኖረ የትራቭ ወዳጅ ሶልቫላን ሳይረግጥ አይቀርም። ያቺ አንዲት ጥያቄ ከብሩ ሁሉ ትበልጥብሻለች። መልሱን በስልክሽ ቅጂው። የፈረስ ስም ሲጠሩ በደንብ ስሚ።

ምናልባት ቫሬንን ይጠሩ ይሆናል። የጣሊያን ፈረስ ነው፣ ዳማ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የተወለደ። በ2001 እና በ2002 በሁለቱም ዓመት የፓሪሱን ፕሪ ዳሜሪክና የሶልቫላውን ኤሊትሎፕ አሸንፏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለቱ ውድድሮች ጠባያቸው የተለያየ ነውና። ፕሪ ዳሜሪክ በጥር ወር ቫንሴን ሜዳ ላይ 2,700 ሜትር የሚሮጥ ነው፤ ትንፋሽ ይፈልጋል። ኤሊትሎፕ በግንቦት አንድ ማይል (1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ) ብቻ ነው። ግን ፈረሱ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይሮጣል፤ መጀመሪያ ማጣሪያውን፣ ከዚያ ፍጻሜውን። ወይም የፈረንሳዩን ኡራዚን ይሉሽ ይሆናል፤ ፕሪ ዳሜሪክን 4 ጊዜ ያሸነፈ ብቸኛው ፈረስ ነው። ወይም ደግሞ ያርቭሶፋክስን። እሱ ከሰሜን አገሮቹ ወፍራም አጥንት ፈረሶች ወገን ነው፤ 201 ጊዜ አሸንፏል። የስዊድን ሰው ስለሱ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። ወይም ማንም የማያውቀውን አንድ ፈረስ ይጠራሉ፤ አንድ የዝናብ ምሽት ያዩትን። እንደዚያ ከሆነ በጣም ደስ ይበልሽ። ያ ፈረስ የእሳቸው ብቻ ነው።

ስሙን ካገኘሽ በኋላ እኔ ከሁሉ በፊት የማስበው ስጦታ የፈረስ ስም ነው። የእኛ ሰው በፈረሱ ስም ሲጠራ የኖረ ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። አጎትሽም 70 ዓመታቸው ላይ የፈረስ ስም ይገባቸዋል። የወደዱት ፈረስ ቫሬን ከሆነ «አባ ቫሬን» ናቸው። ኡራዚ ከሆነ «አባ ኡራዚ»። ትራቭ ጋጣ ውስጥ እያንዳንዱ ፈረስ ልጓም የሌለው የቆዳ የራስ ማሰሪያ አለው። ጉንጩ በኩል ስሙ የተቀረጸበት ትንሽ የናስ ሰሌዳ ይመታበታል። ያንን አሠሪላቸው። ሙሉ የራስ ማሰሪያ ከበዛብሽ አንድ ስንዝር የሚሆን የጉንጩን ማሰሪያ ብቻ ከነሰሌዳው አሠርተሽ በፍሬም ማስገባት ይቻላል። ሰሌዳው ላይ በላይኛው መስመር የፈረሱን ስም በስዊድኖቹ አጻጻፍ፣ ከሥሩ «አባ» ብለሽ በእኛው ፊደል።

ስታሠሪ ስፌቱን እይ። ጥሩ የፈረስ ዕቃ በማሽን አይሰፋም። ሠራተኛው መጀመሪያ በወስፌ ይበሳል። ከዚያ አንድ ክር ሰም አሽቶ ሁለቱ ጫፎች ላይ ሁለት መርፌ ያስገባል፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ በዚያው ቀዳዳ ያልፋሉ። እንዲህ የተሰፋ ቆዳ አንዱ ስፌት ቢበጠስ እንኳ ሌላው አይተረተርም። በጥፍርሽ ስፌቱን ዳሰስ አድርጊው። በሁለቱም ፊት እኩል ከሆነ ጥሩ እጅ ነው። አጎትሽ ጋጣ ገብተው ካወቁ መጀመሪያ የሚያዩት ይህንን ነው።

ሁለተኛው ጋቢ ነው። «ጋቢማ አላቸው» ትዪኝ ይሆናል። ይህ ግን ሌላ ነው። በስዊድን እያንዳንዱ ነጂ የራሱ የልብስ ቀለም አለው። ዓመቱን ሙሉ በዚያው ቀለም ነው የሚነዳው። ፈረሱ ቢለዋወጥም የነጂው ጃኬት አይለወጥም። ከሩቅ ሆነሽ በጭቃና በጭጋግ መሀል ማን እንደመጣ የምታውቂው በጃኬቱ ነው። ፈረንሳይ ስትሄጂ ግን ነጂው የፈረሱን ባለቤት ቀለም ነው የሚለብሰው። አጎትሽ የሚወዱት ነጂ ማን እንደሆነ ጠይቂና ፎቶውን ይዘሽ ሽሮ ሜዳ ውጪ። ሸማኔው የጋቢውን ጥለት በእነዚያ ቀለሞች ይሥራልሽ። ፎቶውን በስልክ ብቻ አታሳዪው፤ የስልክ ቀለም ያታልላል። ክሩን ቀን በፀሐይ ብርሃን ምረጪ። ቅዳሜ ማታ ያንን ጋቢ ለብሰው ሲያዩ ልክ ሜዳው ዳር እንደቆሙ ነው የሚሆንላቸው።

በዚሁ ምክንያት ጃኬቱን ራሱን ልብስ ሰፊ ጋ አታሠሪ። የሰው ቀለም ነው። የሚወዱትን ነጂ ቀለም ለብሰው መቀመጥ ለአንዳንዱ ሰው ይከብደዋል። ጥለት ላይ ሲሆን ግን ክብር ነው።

ሦስተኛው ለእኔ በጣም ደስ የሚለኝ ነው። በእጅ የሚጠመዘዝ የድሮ ስቶፕዎች። ፒያሳም መርካቶም ያሉ ሰዓት ጠጋኞችን እየዞርሽ ጠይቂ፤ የስፖርት አስተማሪዎች ይይዙት የነበረው ዓይነት አንዳንዴ መሳቢያቸው ውስጥ አይጠፋም። የትራቭ ሰው ሰዓት መያዝ ይወዳል። ውጤቱ የሚጻፈውም በሰዓት ነው። እዚህ ላይ ግን ልብ በይ። አሜሪካኖች የሚጽፉት ማይሉ የፈጀውን ጊዜ ነው። ስዊድኖች ደግሞ ርቀቱ ምንም ይሁን ምን ለ1 ኪሎ ሜትር በአማካይ የፈጀውን ይጽፋሉ። ቫሬን እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው ጀርሲ ሜዶውላንድስ ላይ ማይሉን በ1 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ገደማ ነው የጨረሰው። ያው ሩጫ በስዊድን አጻጻፍ 1 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሰዓቱ ጀርባ ላይ የፈረሳቸውን ምርጥ ሰዓት ልታስቀርጪ ካሰብሽ በኪሎ ሜትሩ ይሁን። ማይሉን ካስቀረጽሽ የሌላ አገር ነገር ነው የሚሆንባቸው። ሰዓቱ መሥራቱን ደግሞ እዚያው አረጋግጪ። ጠምዝዢው፣ አስነሺው፣ ከስልክሽ ጋር 5 ደቂቃ አስተያዪው።

የሱልኪ ሞዴል ከሽቦ ወይም ከእንጨት የሚሠራላችሁ ሰው ካወቃችሁ እሱም ጥሩ ነው። ግን የእኛ እጅ ጋሪ ሲባል የቢሾፍቱን ጋሪ ነው የሚያስበው። ከፍ ያለ መቀመጫ፣ ከባድ የመኪና ጎማ፣ ሰው የሚጫንበት ወንበር። ሱልኪ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ጎማው የብስክሌት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1892 አሜሪካ ውስጥ አየር የሚነፋ የብስክሌት ጎማ ሲገባለት የውድድሩ ሰዓት በአንድ ጊዜ ወረደ። ነጂው ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ የፈረሱ ጭራ ጭኑ ድረስ ይደርሳል። እግሩ በሁለቱ ዘንጎች ላይ ያርፋል። ለሠሪው ከጎን፣ ከኋላና ከላይ የተነሳ ሦስት ፎቶ ካልሰጠሽው አያሠሪ።

የማይሆኑትን ቶሎ ልበል። አለንጋ ወይም ጅራፍ አትግዢ። ጥሩ የተጎነጎነ ጅራፍ ገበያ ላይ አለ፣ አውቃለሁ። ግን በዚህ ስፖርት እንደ ጅራፍ የሚያጨቃጭቅ ነገር የለም። ደንቡም ከዓመት ዓመት እየጠበቀ ነው የሄደው። ፈረስ የሚወድ ሰው ግድግዳው ላይ እንዲያየው አልፈልግም። ለውርርድ የሚሆን ገንዘብም አትስጪያቸው። ትራቭና ውርርድ አብረው እንደሚሄዱ የታወቀ ነው። አጎትሽ ይጫወቱ አይጫወቱ የራሳቸው ጉዳይ ነው። የቤተሰብ ስጦታ ግን እዚያ ውስጥ መግባት የለበትም። ኮርቻና እርካብም ይቅር፤ ትራቭ ላይ ኮርቻ የሚጫነው ፈረሱ ጋሪ ሳይጎትት ሰው ተቀምጦበት በሚወዳደርበት ጥቂት ውድድር ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የማይታይ ግን በጣም የሚያስፈልግ ስጦታም አለ። ስልካቸው ላይ ነው የሚያዩት ብለሻል። 70 ዓመት ሊሞላቸው ነው። በዚያች ስክሪን የፈረስ እግር መለየት ዓይን ያደክማል። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ካለ የስልኩን ምስል ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያወጣ ዕቃ ግዢላቸውና ራስሽ ግጠሚላቸው። የ3 ወር የኢንተርኔት ጥቅል ጨምሪበት። ሳሎን ውስጥ ሲሆን ደግሞ እናንተም አብራችሁ ታያላችሁ። ክፍላቸውን ዘግተው የሚያዩት ማንም ስለማይገባው ይመስለኛል። አሁን አንቺ እግሩን ማየት ታውቂያለሽ። ከጎናቸው ተቀምጠሽ «ይሄኛው ሊጋልብ ነው» ብትያቸው የሚሰማቸውን ደስታ እኔ አሁን ሆኜ ይታየኛል።

ከልደታቸው ቀን ጋር ባይገጥምም ሌላ ሐሳብ ልጨምር። ቤተሰቡ ለጉዞ አቅም ካለው ጥር 23 ቀን እንጅባራ ውሰዷቸው። የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ነው የተመሠረተው። ፈረሶቹ ተሸልመው፣ ሰዉ በሺህ እየሆነ ሜዳውን ሲሞላው ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ግን ግልቢያ ነው፤ ቅድሚያ ንገሪያቸው። ያን ያህል መሄድ ካልቻላችሁ በከተማው ዳርቻ ፈረስ ግልቢያ የሚያስተምሩ ቦታዎች አሉ፤ አንድ ጠዋት ይዘሻቸው ሂጂ። ሊጋልቡ አይደለም። አንገቱን እንዲዳብሱት፣ የጋጣውን ሽታ እንዲሸቱት ነው። ከስዊድን ስመለስ ከሁሉ የናፈቀኝ ያ ሽታ ነው። ድርቆሽና ላብ፣ ትንሽ የቆዳ ቅባት ያለበት። ስልክ ላይ የለም። በመንገዳችሁ በጃንሜዳ እለፉ። ድሮ የአዲስ አበባ የፈረስ እሽቅድምድም እዚያ እንደነበር እሳቸውም በልጅነታቸው ሳይሰሙ አይቀሩም። ያውሩልሽ።

20 ሺህውን እንዴት ታከፋፍዪው? እኔ ብሆን ብዙውን ለጋቢውና ለናስ ሰሌዳው አውላለሁ። ከተረፈ የኢንተርኔቱን እጨምራለሁ። ስቶፕዎቹን ደግሞ ከእህትማማቾቹና ወንድማማቾቹ አንዱ ለብቻው ቢገዛው ይሻላል፤ ከአንድ ሰው እጅ ቢመጣ ያምርበታል። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ቆዳም ክርም በየወሩ ይለዋወጣል። ግን ጋቢውን ዛሬ ነገ ሳትይ አሁኑኑ እዘዢ። ሸማኔ ቀጠሮ ሲያጥር እጁ ይቸኩላል። የናሱ ጽሑፍ ከመቀረጹ በፊት የፈረሱን ስም ወረቀት ላይ ጽፈሽ በዘዴ ለአጎትሽ አሳዪያቸው። «እንዲህ ነው የሚጻፈው?» ብትያቸው ገና አይጠረጥሩም። የስዊድን ፊደል ላይ ያሉት ሁለት ነጥቦችና ክቦች ቢረሱ ለእሳቸው ሌላ ፈረስ ነው።

ልደቱ ቅዳሜ ላይ ከዋለ ደግሞ ሰዓቱን አስቢበት። ትልቁ የቅዳሜ ውድድር ስዊድን ውስጥ ከሰዓት በኋላ ነው። እኛ በበጋቸው በ1 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ2 ሰዓት እንቀድማቸዋለን፤ ስለዚህ እኛ ጋ አመሻሹ ላይ ይውላል። ኬኩ ከመጨረሻው ውድድር በኋላ ይቆረስ።